ሰጪው ይሸሸግ፣ ወጪው ይታይ

መርካቶን ስለ ገንዘብ አያያዝ ላስተምር ብሎ የሚነሣ ሰው ቢኖር ድፍረቱን አደንቃለሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ ካዞረው ጀምሮ፣ በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብር ሳይቆጠር የዋለ የሥራ ቀን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሰፈሩ ሲቆጥር ነው ያደገው።

የዛሬው ጥያቄም ከዚሁ ሰፈር ይነሣል። ሰው ለፖለቲካ ዘመቻ ገንዘብ ያዋጣል። እሺ፣ አዋጣ። የተዋጣው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል? ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን በቅርቡ ታሪካችን ትልቁን የከተሜ ተስፋ ተሸክሞ የነበረው ድርጅት ሲሰነጠቅ፣ ከስንጥቆቹ በአንዱ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

የሰፈሩ ሒሳብ

ከፖለቲካው በፊት ሰፈሩ የራሱን ገንዘብ እንዴት እንደሚይዝ እንመልከት። አንዋር አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ ዕቁብ ሲገባ የሚጠይቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ዳኛው ማነው? ጸሐፊው ማነው? ገንዘቡ ማን ጋ ነው የሚያድረው? ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ይቀበላል ወይ? አይቀበልም። ወንድምህም ቢሆን ዋስ ይጠራል። እንዲህ የሚደረገው ወንድም ስለተጠረጠረ አይደለም፤ ነገ ወንድማማቾች በገንዘብ እንዳይጣሉ ነው።

ዕድሩም ያው ነው። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለሠርግ አይወጣም። ለሐዘንተኛው ስንት እንደሚሰጥ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ማንም ሳይሞት በፊት በደንብ ተጽፎ ይቀመጣል። ሰው ከሞተ በኋላ በለቅሶ መሀል «ስንት እንስጥ?» ብሎ ክርክር የሚጀምር ዕድር ዕድሜ አይኖረውም።

የእምነቱም ሥርዓት ይህንኑ ያስተምራል። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ ቁርኣን ስምንት ወገኖችን ዘርዝሯል። ድኻው አለ፣ ባለዕዳው አለ፣ መንገደኛው አለ። ዘካውን የሚሰበስቡት ሠራተኞችም ከስምንቱ አንዱ ናቸው። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ሰብሳቢው «ለአላህ ብሎ ነው የሚሠራው» ተብሎ አልታለፈም፤ ድርሻው በግልጽ ተነግሮለታል። ወቅፍ ደግሞ ሰጪው ለምን እንዲውል እንዳሰበ ተጠይቆ፣ ለዚያው እንዲውል የሚያስገድድ አደራ ነው። ሰደቃ በስውር ቢሰጥ ይመረጣል። ወደ ራጉኤል ደጅም ብትሻገሩ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ማን ስንት እንደጨመረ ማንም አያውቅም፤ ሣጥኑ ሲከፈት ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አይቆጥረውም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ደንብ ይወጣል። ሰጪው መሸሸግ ይችላል፤ ወጪው ግን መታየት አለበት። የፖለቲካ ዘመቻዎቻችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ገልብጠውታል። የገንዘብ ማሰባሰቢያው ምሽት በድምፅ ማጉያ ይታወጃል፣ ጨረታ ይጮሃል፣ የሰጪው ስም በጭብጨባ ይነበባል። ወጪው ግን ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል።

ዘጠና ሰባት

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላ። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት ሞላው። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን። የአንዋር ሰፈር የሚገኝበት አዲስ ከተማም ከዚህ ማዕበል ውስጥ ነበር።

ይህን ገንዘብ አመጣው የሚል ካለ እንከራከር። የከተማውን ልብ ያሸፈተው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የተላለፈው የፓርቲዎች ክርክር ነው፤ ለዚያ የአየር ሰዓት ደግሞ ማንም አልከፈለም። የክርክሩን ወሬ ከሱቅ ሱቅ ያዞረው ሕዝቡ ራሱ በነፃ ነው። እስከ ግንቦት 7 ድረስ የቅንጅት ትልቁ ሀብት ገንዘብ የማይገዛው ነገር ነበር።

ገንዘብ ያስፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። በመላ አገሪቱ ከ30 ሺሕ በላይ የምርጫ ጣቢያዎች ነበሩ። በየጣቢያው ድምፅ ሲቆጠር የሚቀመጥ፣ የውጤት ቅጹን የሚፈርምና ቅጂውን ይዞ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ሲቪል ማኅበራት እንዳይታዘቡ ምርጫ ቦርድ ከልክሏቸው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አጸና። ግን ያኔ ለምርጫው የቀሩት ቀናት ነበሩ። በቀናት ውስጥ አገር የሚያዳርስ ታዛቢ አይሰማራም። ስለዚህ በየገጠሩ ጣቢያ ድምፁን የሚጠብቀው የፓርቲው ወኪል ነበር፣ ካለ።

ምርጫው ካለፈ በኋላ አቤቱታ ጎረፈ። አጣሪ ቡድኖች ተቋቋሙ፣ ምስክር ተሰማ፣ ነሐሴ ላይ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። በመጨረሻ የተገለጸው ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 መቀመጫ ሰጠ። ውጤቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ እዚህ አልገባበትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ከገጠር ወረዳ የሚመጣ ምስክር የአውቶቡስ ዋጋ፣ ማደሪያና ምሳ አለው። የተፈረመ ቅጽ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ጠበቃ ይቆማል።

እስቲ በመርካቶ ሒሳብ እናስላው። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ ያዙት። በ30 ሺሕ ጣቢያ ሁለት ሁለት ወኪል ይቀመጥ። ለአንዱ ለምሳና ለመጓጓዣ 20 ብር ይሰጠው። ድምሩ 1 ሚሊዮን 200 ሺሕ ብር ነው። በዚሁ ገንዘብ፣ አንዱን በ15 ብር ሒሳብ፣ 80 ሺሕ ቲሸርት ይገዛል። ሰማንያ ሺሕ ቲሸርት መስቀል አደባባይ ላይ ያምራል፣ በፎቶም ያምራል። ግን ቲሸርት ቅጽ አይፈርምም።

«ታዲያ ምልክትስ? ማንበብ የማይችለው ገበሬ ንቧን ከሁለት ጣት በምን ይለይ?» የሚል ካለ እውነት አለው። የምርጫ ምልክት ያለበት ወረቀት የግድ ይታተማል። ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፣ ማድመቅ ሌላ ነው። እንግሊዞች ይህን ልዩነት በሕግ ካሰመሩት ከ140 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጡት የምርጫ ሙስና ሕግ ለኅትመት፣ ለፖስታና ለስብሰባ ወጪ ማድረግን ፈቀዱ፤ ለሙዚቃ ባንድ፣ ለባንዲራና ለሪባን መክፈልን ግን ከለከሉ። በየምርጫ ክልሉ የወጪ ጣሪያ አበጁ። ወጪው ሁሉ በአንድ ተጠያቂ ወኪል እጅ እንዲያልፍና ከምርጫው በኋላ እንዲቀርብ አዘዙ። መነሻቸው ፍቅረ ጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ እጩዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ሲፎካከሩ በወጪ ተንገፍግፈው ነበር።

ስንቅ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. መርካቶና አካባቢው ላይ ጥይት ተተኮሰ። ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። የሁለቱን ዙር ግድያ የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን የደረሰበት ቁጥር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ነው። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከእነሱ በተጨማሪ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ዴዴሳ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ተጫኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ወጪ የከፈለው ማነው? እናት ነች። ስንቅ ቋጥራ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ልጇ የት እንዳለ እየጠየቀች የዞረችው እናት። የቀን ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ያስታመመው ወንድም ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም የዘመቻ በጀት ውስጥ በአርእስትነት ሲሰፍር አይታይም። የዘመቻ በጀት የሚያበቃው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ነው፤ የሰዉ ወጪ የሚጀምረው ደግሞ በማግስቱ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህቺ ናት። ሰውን ውጣ ብሎ የሚጠራ ዘመቻ፣ የወጣው ሰው ቢታሰር ስንቁን፣ ቢቆስል ሕክምናውን፣ ቢከሰስ ጠበቃውን አስቀድሞ መመደብ አለበት። ከመድረኩ በፊት፣ ከድምፅ ማጉያው በፊት። ዕድር የቀብሩን ገንዘብ ሰው ሳይሞት ነው የሚያስቀምጠው። የፖለቲካ ድርጅት ከዕድር ካነሰ ምኑን ድርጅት ሆነው?

የባሕር ማዶው ገንዘብ

መሪዎቹ ቃሊቲ በነበሩበት ጊዜ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የድጋፍ ኮሚቴዎች ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት ቆሞ ያገኘውን ሰው በደስታ ሰጠ። ግን የተሰበሰበው ለምርጫ ነበር፤ ምርጫው አልፏል። አዛዦቹ እስር ቤት ናቸው። ታዲያ ማን ያዝዝበት? ለምን ይውል? መልሱ አስቀድሞ አልተጻፈም። መሪዎቹ ገና ሳይፈቱ የውጭው አመራር ለሁለት ተከፈለ።

ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። ወራት ሳይቆይ በብርቱካን ሚደቅሳ የተመራው ልዑክ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከሊቀ መንበሩ ከኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ጋር የነበረው ልዩነት አደባባይ ወጣ። የውጭው ድጋፍ ሰጪ መዋቅርና ገንዘቡ በማን እንደሚታዘዙ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለሌላ ቡድን ሰጠው። ከፍርስራሹ አንድነት ወጣ፣ ግንቦት 7 ወጣ፣ መኢአድ ወደ ራሱ ቤት ተመለሰ።

ገንዘብ ብቻውን ቅንጅትን አፈረሰ አልልም። እስሩ ነበር፣ ጫናው ነበር፣ የአመራሩ ባሕርይም ነበር። ገንዘቡ ያደረገው አለመተማመን በተፈጠረ ጊዜ ሁሉም ወገን የሚያነሣውን ድንጋይ ማቀበል ነው። ማንም ሰርቆ ባይሆን እንኳ፣ ያልተጻፈ ወጪ ለሐሜት ይመቻል። ዋስ ያልተጠራበት ዕቁብ ማለት ይህ ነው።

አሜሪካኖች ራሳቸው እዚህ ላይ ለመድረስ ጊዜ ወስዶባቸዋል። የምክር ቤት አባላት ከዘመቻ የተረፈ ገንዘብ ለግላቸው እንዳያደርጉ በሕግ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ያኔ በወንበር ላይ የነበሩትን ግን ለዓመታት ከክልከላው ውጭ አደረጓቸው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና። የኋላ ኋላ የቆመው መለኪያ ግን ቁም ነገር አለው። እጩው ለምርጫ ባይወዳደር ኖሮ ይህ ወጪ ይኖር ነበር ወይ? ይኖር ከነበረ፣ የቤት ኪራይም በሉት የልጅ ትምህርት ቤት፣ ከዘመቻው ገንዘብ አይወጣም።

ቢጫ ካርድ

ወደ አንዋር እንመለስ። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው የሙስሊሞች የመብት ጥያቄ «ድምፃችን ይሰማ» ተብሎ ወደ አንዋር መስጊድ መጣ። ፓርቲ አልነበረም፣ ወንበርም አልፈለገም። ግን ዘመቻ ነበር፤ ስለ ዘመቻ ወጪ ለሚያስብ ሰውም ትምህርት አለው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ አንዳንዴም ዝም ይላል። ዝምታ ስንት ብር ነው? ቦታውን መስጊዱ ሰጠ፣ ቀኑን ሳምንቱ ራሱ አመጣው፣ ሕዝቡ ሶላቱን ሊሰግድ መጥቷል። መድረክ አልተሠራም፣ አውቶቡስ አልተኮናተረም።

ይህም ሆኖ መንግሥት ገንዘቡን ፈለገ። ሐምሌ ላይ የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፣ በሽብር ተከሰሱ። በዚያው ሰሞን የሲቪል ሰርቪስ ሚኒስትር የነበሩት የጁነዲን ሳዶ ባለቤት ከሳዑዲ ኤምባሲ በተሰጠ ገንዘብ ሰበብ ተያዙ። ሚኒስትሩ ገንዘቡ ለመስጊድ ማሠሪያ የተሰጠ መሆኑን በጋዜጣ ጽፈው አስረዱ። ሹመታቸው አልቀረላቸውም። ባለቤታቸውን ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበታቸው ከዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የሰጪው ነገር ይመጣል። እንዲህ ባለ አገር ደረሰኝ ሁለት ስለት አለው። ደረሰኝ ከሌለ ገንዘቡ ይጠፋል ወይም ይታማል። ደረሰኝ ካለ ደግሞ የሰጪው ስም አንድ ቀን ከመዝገብ ውስጥ ይወጣና ሱቁን ያዘጋበታል። መርካቶ ውስጥ ለተቃዋሚ ያዋጣ ነጋዴ ይህን ፍርሃት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ «ግልጽነት» ብለን ስንጮህ የማንን ግልጽነት እንደምንጠይቅ እንለይ።

ሕጉና ቀዳዳው

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 573 ከውጭ ዜጋና ከማይታወቅ ምንጭ ገንዘብ መቀበልን ከልክሎ፣ ፓርቲዎች ሒሳባቸውን እንዲያስመረምሩ አዘዘ። እሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1162 ነው። ይኸኛው ሲወጣ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ታሪክ ቀልድ ያውቃል። ገንዘቡን ማን ይዘዝበት በሚል ጭምር ከተሰነጠቀው ድርጅት የወጡት ሴት፣ ፓርቲዎች ሁሉ ሒሳባቸውን የሚያቀርቡበት ቢሮ ኃላፊ ሆኑ።

ሕጎቻችን የሚያተኩሩት በአመዛኙ ገንዘቡ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ተገቢ ነው፤ ትልቅ ሰጪ ትልቅ ውለታ ያስቆጥራል፣ ስሙም መታወቅ አለበት። ግን ሃምሳ ብር የሰጠችው የምናለሽ ተራ ቸርቻሪ ማንን ትገዛለች? አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለፌዴራል ምርጫ ከ200 ዶላር በላይ ያልሰጠ ሰው ስሙ በዝርዝር እንዲገለጽ አይገደድም። ትንሹ ሰጪ ይሸሸግ። ትልቁ ይታወቅ። ወጪው ግን፣ የትንሹም የትልቁም ገንዘብ፣ አንድ በአንድ ይታይ።

ይህ ለገዢው ፓርቲም ይሠራል። ኢሕአዴግ በነበረበት ዘመን አባል ድርጅቶቹ እንደ ትእምትና ጥረት ያሉ ግዙፍ የንግድ ተቋማት ከጎናቸው ነበሯቸው፤ ለመዋጮ እጅ የሚያጥራቸው አልነበሩም። በመዋጮ ብቻ የሚኖር ፓርቲ ግን ሌላ ካፒታል የለውም፤ ያለው እምነት ነው። እምነት አንዴ ከከሰረ ደግሞ ባንክ አያበድረውም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተራውን እኔ እንዲህ አየዋለሁ። አንደኛ፣ ድምፅ የሚጠብቀው፦ የጣቢያ ወኪል፣ ቅጽ፣ ምስክር። ሁለተኛ፣ ስንቅ፦ ለታሰረ፣ ለቆሰለ፣ ለተከሰሰ፤ ካልተነካ ደግሞ ተመስገን ብሎ ለሚቀጥለው ማቆየት። ሦስተኛ፣ ማሳወቅ፦ ወረቀት፣ ምልክት፣ የየሰፈሩ ስብሰባ። አራተኛ፣ ለሚሠሩት ሰዎች የተወሰነና የታወቀ ክፍያ፤ በዘካው ደንብ። «በነፃ ነው የምሠራው» የሚል ገንዘብ ያዥ ሁልጊዜ ቅዱስ አይደለም፤ ልጆቹን ምን እያበላ እንደሆነ ማንም አይጠይቀውማ። መድረኩ፣ ቲሸርቱና ሞቅታው መጨረሻ ላይ፣ ከተረፈ።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ ወረቀት ገና ገንዘቡ ሳይሰበሰብ ይጻፍ፦ መሪው ቢታሰር ማን ያዝዛል? ድርጅቱ ቢከፈል የተረፈው ለማን ይሆናል? ይህን መጻፍ ሟርት የሚመስለው ፖለቲከኛ ካለ አንዋር በር ሄዶ የትኛውንም የዕድር ጸሐፊ ይጠይቅ። ሞትን በደንብ የጻፈ ዕድር ሞት አይጠራም፤ ሞት ሲመጣ ግን አይጣላም።

እና እናንተ ወጣቶች፣ ነገ አንዱ ዘመቻ ደረሰኝ ይዞ ወይም የባንክ ቁጥር በስልክ ልኮ አዋጡ ሲላችሁ፣ «የማን ወገን ነህ?» ከማለታችሁ በፊት የሰፈሩን ጥያቄ ጠይቁ። ዋሱ ማነው?

ቸር ይግጠመን።